ጀማሪ የፈረንሳይኛ ተመራማሪ ጉባኤ ሲሄድ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ በፈረንሳይኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚመራመር ሰው ብዙ ባልደረባ የለውም። እንግሊዝኛ ያጠና ጀማሪ ጉባኤ ላይ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው ታላቅ አያጣም። የፈረንሳይኛው ግን አብዛኛውን ተሳስቶ ነው የሚማረው። ፓሪስ ሂዱ፣ አዲስ አበባ ሂዱ፣ ወይ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አቅርቡ፣ ስህተቶቹ ያው ናቸው።

ማንም ሊጽፈው የሚችለውን አብስትራክት መላክ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የጥናት ጥሪ ይወጣል፣ 300 ቃላት ገደማ የሆነ አብስትራክት (የጥናቱ አጭር መግለጫ) ይጠየቃል፣ እኛም ፈረንሳዮች ራሳቸው ሲጽፉበት የኖሩትን ርዕስ መልሰን እንልክላቸዋለን። ፓሪስ ያለው የዶክትሬት ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ ደጁ ላይ ነው። በእሱ ሜዳ ከእሱ ጋር ምን አሽቀዳደመን? እናንተ አማርኛ ታነባላችሁ። ጎንደርም በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ናት።

ምሳሌ ልስጥ። በፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ (እ.ኤ.አ. 1931–1933)፣ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠ የጥናት ጉዞ፣ ጎንደር ላይ ወራት ቆይቷል። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ፣ በቦታቸው ቅጂ ተክቶ፣ ዋናዎቹን ፓሪስ ወስዷል። ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በፈረንሳይኛ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። የጎንደር ካህናትና ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? ይህን ጠይቆ ከፈረንሳይኛው ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ የሚያቀርብ ጀማሪ አዳራሹን ዝም ያሰኛል። በዘመን ራቅ ማለት የፈለገ ደግሞ ሐኪሙ ሻርል ፖንሴ አለለት፤ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገብቶ ዐፄ ኢያሱን ያከመ ፈረንሳዊ ነው፣ የጉዞ ጽሑፍም ትቷል።

አማካሪያችሁ «ይሄማ ታሪክ ነው» ሊሉ ይችላሉ። በአክብሮት ተከራከሩ። የጉዞ ጽሑፍ፣ ሙዚየም፣ የቅርስ ጥያቄ ዛሬ የፈረንሳይ ጥናት ጉባኤዎች የዘወትር ርዕስ ነው።

በኢሜይል የመጣን ግብዣ ሁሉ ማመን

«ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የጀመረ ኢሜይል፣ እናንተ ገና ማስተርስ ላይ ሆናችሁ ከደረሳችሁ ጠርጥሩ። ሥነ ጽሑፍን፣ ግብርናንና ኢንጂነሪንግን ባንድ አዳራሽ የሚሰበስብ፣ አብስትራክቱን ባንድ ቀን ተቀብሎ ብር የሚጠይቅ ጉባኤ ንግድ ነው። የአዘጋጅ ኮሚቴውን ስም አንድ በአንድ ፈልጉ። የአንዳቸውንም ሥራ ካላገኛችሁ ጉባኤውን ተዉት።

ቪዛን ለመጨረሻ ማቆየት

የሸንገን ቪዛ (ፈረንሳይን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። ውሳኔው ግን በመደበኛው እስከ 15 ቀን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው 15 ቀን አትጠብቁ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መሄድ አለ፣ ቀጠሮ ማግኘት አለ፣ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ማኅተም እስኪያርፍበት የሚሄደውን ጊዜ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። የሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ የሸንገን የቪዛ ደንብ ለሳይንሳዊ ጉባኤ የሚሄድ ተመራማሪን ከቪዛ ክፍያ ነጻ ያደርጋል። ማመልከቻው ላይ ጠይቁ፣ የጉባኤውን ደብዳቤም አያይዙ። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን ላይቀር ይችላል።

ለአዘጋጆቹም የምዝገባ ክፍያ ቅናሽ አላችሁ ወይ ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ይሉኝታ እዚህ ጋ ኪስ ይጎዳል።

በ20 ደቂቃ ውስጥ መመረቂያ ጽሑፍን መጨረስ

የተለመደው 20 ደቂቃ ገለጻ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ጥያቄ ነው። በፈረንሳይኛ ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው 20 ደቂቃ ማለት 2,500 ቃል ገደማ ነው፤ ለጀማሪ 2,200 ይበቃዋል። እኛ ግን 15 ገጽ ይዘን እንገባለን። አምስቱ ደቂቃ በምስጋና ያልቃል፣ አምስቱ በ«የጥናቱ ዓላማ» እና «የጥናቱ ወሰን» ያልቃል፣ ዋናው ነገር ላይ ስንደርስ የመድረክ መሪው ሰዓት አልቋል የሚል ወረቀት ያሳየናል። ከዚያ መሮጥ ይጀመራል። በሁለተኛ ቋንቋ ሲሮጥ ደግሞ ማንም አይሰማም።

ክርክራችሁን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተናገሩት። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ፣ ስልክ ላይ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡ። የትኛው አንቀጽ እንደሚዘለል አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉበት። በኦንላይን የምታቀርቡ ከሆነ ቀድማችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለአዘጋጆቹ ላኩ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ጉባኤው አይጠብቅም።

ስምን እንደመጣ መተው

ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፣ የአባታችሁን ትሞላላችሁ። መርሐ ግብሩ ላይ የምትፈለጉት በአባታችሁ ፊደል ነው፣ ሴቷን ተመራማሪም በአባቷ ስም «ማዳም» ይሏታል። ሳቁበትና እለፉት። ቁም ነገሩ አጻጻፉ ነው። በአንዱ ጉባኤ ሁለት ስም፣ በሌላው ሦስት ስም፣ በፓስፖርት ደግሞ ሌላ ፊደል ከሆነ ነገ ሥራችሁን የሚፈልግ ሰው አያገኛችሁም። አንድ ምረጡ፣ አትቀይሩት።

ጥያቄን እንደ ጠብ መውሰድ

ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ምሁር ጥያቄ ብሎ ተነስቶ አምስት ደቂቃ ሊናገር ይችላል። ጥያቄም ላይኖረው ይችላል። ስድብ አይደለም፣ ልማድ ነው። ከንግግሩ አንዱን ነጥብ ያዙና በአጭሩ መልሱ። ያልገባችሁን ይድገሙልኝ በሉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን እንደሚከላከል ሰው ለሁሉም መልስ መፈለግ አያስፈልግም።

በሻይ እረፍት ከአገር ሰው ጋር መጠጋት

ገለጻው ላይ የሚገኘው ነገር ጥቂት ነው። ሥራችሁን ሰምቶ «እኛ ጋ መዝገብ አለ፣ ልላክላችሁ» የሚለው ሰው የሚገኘው ቡና ላይ ነው። ፕሮፌሰሩን ፈርታችሁ ጥግ ከቆማችሁ ይዛችሁ የምትመለሱት ሰርተፍኬት ብቻ ነው። ለአበልና ለፋይል ሰርተፍኬቱ ይጠቅም ይሆናል። ለሚቀጥለው ጥናት ግን አይጠቅምም።

እንግዳ ሲመጣ መርሐ ግብሩን ሳያስቡ ማውጣት

ጉባኤው ባሕር ዳር ሲሆን እናንተ አስተናጋጅ ናችሁ። ጣና ላይ ጀልባ መከራየት መልካም ነው፤ ግን ቅርብ ነው ብላችሁ ክብራን ገብርኤልን አትምረጡ። ሴቶች አይገቡበትም፣ ከእንግዶቻችሁ ግማሹ ጀልባ ላይ ይቀራል። ዘጌ ሂዱ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ይገባል። ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ነፋሱ ይበረታል። የመመለሻ በረራ ያለውን ሰውም ቀድማችሁ ጠይቁ። ኢሜይል የምትለዋወጡትም እዚያው ጀልባው ላይ ይሁን። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት መስመር ጻፉላቸው፤ ቃል የገባችሁት ፎቶ ወይም ጽሑፍ ካለ አያይዙ።