አሮጌ የባሕር ካርታ ላይ በእውን የሌለ ደሴት ተሥሎ ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዋሽተው ነው» ብሎ መፍረድ

የዋሹም ነበሩ፣ አይካድም። አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ በ1906 አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) ውስጥ ከሩቅ ምድር አየሁ ብሎ «ክሮከር ላንድ» የሚል ስም አወጣለት። የዕለት ማስታወሻው ግን ምድር ታየ አይልም። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። በ1914 ሌላ አሳሽ፣ ዶናልድ ማክሚላን፣ ምድሩን ፍለጋ በረዶ በሸፈነው ባሕር ላይ ሲጓዝ ኮረብታውን፣ ሸለቆውን፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ በዓይኑ አየ! መንገድ የሚመራው የአካባቢው ተወላጅ (ኢኑዊት) «ጉም ነው» ቢለው አልሰማም። ለቀናት ተጓዙ። ፀሐይ ስትዞር ምድሩም መልኩን እየቀያየረ ዞረ፤ በመጨረሻም ጠፋ። ለካ ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን አጣሞ ያሳያቸው ምትሃት ኖሯል።

«ብዙ ካርታ ላይ ካለማ እውነት ነው» ማለት

ካርታ ሠሪ ከካርታ ሠሪ ይቀዳል። አሥር ካርታ አሥር ምስክር አይደለም። በአውስትራሊያና በኒው ካሌዶኒያ መካከል አለች የተባለችውን ሳንዲ ደሴት እንውሰድ። በ1876 አንድ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አየሁ አለ፤ ከዚያ ካርታው ሁሉ ተቀባበላት። ፈረንሳዮች በ1970ዎቹ ከራሳቸው ካርታ ቢሰርዟትም ሌላው ዝም ብሎ መሣሉን ቀጠለ። ጉግል ሳይቀር አስገብቷት ነበር። በኅዳር 2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው ያገኙት ከ1,300 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ነው።

«ሰጥሞ ይሆናል» ማለት

ይህም ያጋጥማል። በ1831 ከሲሲሊ በስተደቡብ እሳተ ገሞራ የወለደው ደሴት በወራት ውስጥ ታጥቦ አልቋል። ግን ጉብታው ዛሬም ከውሃው ወለል ብዙም ሳይርቅ አለ። እንዲህ ያለ ምልክት ካልተገኘ ሰጥሟል የሚለው ወሬ ውሃ አያነሳም።

«ፈልገው ካጡት የለም» ብሎ መደምደም

በእኔ ግምት ትልቁ ስህተት ይሄኛው ነው። ፈረንሳዊው መርከበኛ ቡቬ በ1739 በደቡብ አትላንቲክ በረዷማ ምድር አየ፤ ያለበትን ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት) ግን አሳስቶ መዘገበ። በባሕር ላይ ኬንትሮስን በትክክል የሚለካ ሰዓት ገና አልነበረማ! ጄምስ ኩክን የሚያህል ታላቅ መርከበኛ ፈልጎ ስላጣው ቡቬ ያየው የበረዶ ክምር ይሆናል አለ። በ1808 ደሴቱ ተገኘ። ዛሬ የኖርዌይ ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም በ1875 ከሰሜን ፓስፊክ ካርታው 123 ደሴቶችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ። ከነሱ ሦስቱ በእርግጥ ያሉ ሆነው ስለተገኙ እንደገና ተሣሉ።