በአሸዋ ውስጥ ያለ ደቃቅ አፈር፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሸዋ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ንጽህናው ሁለተኛ ነው፤ ያውም ከተጠየቀ። ደቃቅ የምለው በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፈውን ነው።

በዓይን መፍረድ። የክምሩን ላይ ዝናብ ስለሚያጥበው ያብረቀርቃል። ከሆዱ እፍኝ ዝገኑና አርጥባችሁ እሹት። መዳፋችሁ ጭቃ ከለበሰ፣ ሻጩ ምንም ቢምል ናሙናው ላቦራቶሪ ይሂድ።

በደረቁ መንፋት። ደቃቁ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ አሸዋው ንጹሕ ይመስላል። መጀመሪያ ወንፊቱ ላይ በውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ደርቆ ይመዘን።

“ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች?” ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ውሃ የሚያልፈው በቅንጣቶቹ መካከል ነው፤ ደቃቁም የሚወሸቀው እዚያው ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ አለን ሄዘን ለንጹሕ አሸዋ ባወጣው ቀመር፣ ከናሙናው ክብደት 10 በመቶው የሚያንስበት የቅንጣት መጠን በግማሽ ሲቀንስ ውሃ አሳላፊነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ደቃቁ 10 በመቶ ደረሰ ማለት ያ መጠን 0.075 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ 0.3 ከነበረ አሳላፊነቱ 16 ጊዜ ይቀንሳል። ደቃቁ ሸክላ (ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ እጅግ የላመ አፈር) ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ደሴን በመሰለ ተዳፋት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ የተሞላው አሸዋ ውሃ ካላወረደ የክረምቱ ዝናብ እዚያው ይጠራቀማል፤ ግንቡ የአፈሩንም የውሃውንም ግፊት ሊሸከም ነው። ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው ብላችሁ አትዘናጉ። ውሃው ቀዳዳው ጋ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው?

ደለልንና (ከሸክላ ሸከር የሚል፣ ብዙ የማይጣበቅ ደቃቅ) ሸክላን አንድ ማድረግ። ደቃቁን አርጥባችሁ መዳፍ ላይ ስትነቀንቁት ውሃ አውጥቶ ካብለጨለጨ ደለል ይበዛዋል። ሳይቆረጥ እንደ ክር ከተጠቀለለ ሸክላ አለበት። ልቅ የሆነ ደለላማ አሸዋ ውሃ ጠግቦ ሲናወጥ ጥንካሬውን ድንገት ሊያጣ ይችላል። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከኮምቦልቻ ሩቅ አልነበረም።

በበጋ ጥንካሬ መታለል። ሸክላ ያለበት አሸዋ ሲደርቅ ዶማ አይበግረውም፤ ሲረጥብ ያ ጥንካሬ ይሟሟል። ደቃቅ ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ጥቂቱ ክፍተት ሞልቶ ሲጠቀጠቅ አሸዋውን ያጠነክረዋል። ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ሲደርስ ግን የአሸዋው ቅንጣቶች መነካካት ያቆማሉ፤ ሸክሙን የሚይዘውም ደቃቁ ይሆናል። ስለዚህ የጥንካሬ ምርመራው ውሃ በጠገበ ናሙና ላይ ይሠራ።