በመካከለኛ ደረጃ ጃፓንኛ ሰዋስው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓንኛን ጀምረው መሠረታዊውን ደረጃ ያለፉ ብዙ ተማሪዎች የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና መካከለኛ ደረጃ የሆነው ኤን 3 ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናው እስከ 2009 እ.ኤ.አ. አራት ደረጃዎች ብቻ ነበሩት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት ለተማሪው በጣም ስለሰፋ በ2010 ይህ እርከን ተጨመረና ደረጃዎቹ አምስት ሆኑ። ቦታው ከድሮም አስቸጋሪ ነበር ማለት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ሌላ ተጨማሪ ችግር አለ። የምናገኛቸው መጻሕፍትና መተግበሪያዎች በአብዛኛው የሚያብራሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ጃፓንኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እያዞርን እንማራለን። አማርኛና ጃፓንኛ ዘመድ ባይሆኑም የዓረፍተ ነገር አሠራራቸው በብዙ ቦታ ይገጣጠማል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» በጃፓንኛ «ኪኖኦ ካታ ሆን» ነው፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል ስንዞር ይህን ሁሉ እናጣለን። ከታች ያሉት ስህተቶች ግማሾቹ ከዚህ ዙር የሚመጡ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ አማርኛውን ከልክ በላይ በማመን የሚመጡ።

«ቴ ኢሩ»ን ሁልጊዜ «እየ… ነው» ብሎ መተርጎም

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስደው ሊያዩት የሚገባው ይህ ነው። «ታቤቴ ኢሩ» ማለት «እየበላ ነው» ማለት ነው፤ እስከዚህ ትክክል። ተማሪው ግን ይህንኑ ይዞ «ቶሞዳቺ ጋ ኪቴ ኢሩ» የሚለውን ሲያገኝ «ጓደኛዬ እየመጣ ነው» ይላል። ስህተት ነው። ትርጉሙ «ጓደኛዬ መጥቷል» ነው፤ ደርሷል፣ እዚህ አለ። «ሺንዴ ኢሩ» «እየሞተ ነው» ሳይሆን «ሞቷል» ነው። «ኬኮን ሺቴ ኢሩ» ደግሞ «አግብቷል»። «አሜሪካ ኒ ኢቴ ኢሩ» ያለዎት ሰው «አሜሪካ ሄዷል፣ አሁን እዚያ ነው» እያለዎት ነው።

አሁን «መጥቷል» የሚለውን ቃል ፈታ አድርገው ይመልከቱት። «መጥቶ» እና «አለ» ናቸው የተጣመሩት። «ኪቴ» ማለት «መጥቶ» ነው፣ «ኢሩ» ማለት «አለ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድን ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ገንብተውታል። በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ላይ ገጾች የሚፈጀውን ነገር አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ቃል ይረዳዋል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ግሡ በቅጽበት የሚፈጸም ለውጥን የሚያሳይ ከሆነ (መምጣት፣ መሞት፣ ማግባት፣ መከፈት) «መጥቷል» በሚለው መልክ ይረዱት፤ ቆይታ ያለው ድርጊት ከሆነ (መብላት፣ ማንበብ፣ መሮጥ) አብዛኛውን ጊዜ «እየበላ ነው» ነው።

«-ብኝ» እና «-ልኝ»ን ቤት ትቶ መምጣት

«ቦርሳዬ ተሰረቀ» ለማለት ብዙ ተማሪ «ዋታሺ ኖ ሳይፉ ጋ ኑሱማሬታ» ብሎ ይጽፋል። ጃፓናዊ ይረዳዋል፣ ግን እንደዚያ አይልም። «ሳይፉ ኦ ኑሱማሬታ» ይላል፤ ቃል በቃል «ቦርሳዬን ተሰረቅኩ»። እኛስ ቤታችን የምንለው ይህንኑ አይደለም? ተጎጂው ሰው ባለቤት ይሆናል፣ ቦርሳው ተሳቢ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ከዚህም ይዘልቃል። «አሜ ኒ ፉራሬታ» ማለት «ዝናብ ዘነበብኝ» ነው፤ «ኮዶሞ ኒ ናካሬታ» ደግሞ «ልጁ አለቀሰብኝ»። እንግሊዝኛ ይህን የሚገልጽበት አጭር መንገድ ስለሌለው መጻሕፍቱ «የመከራ ተደራጊ» የሚል ስም ሰጥተው እንደ ልዩ ነገር ያስተምሩታል። ለኛ «-ብኝ» ነው።

«-ልኝ» ደግሞ «ቴ ኩሬሩ» ነው። «ቶሞዳቺ ጋ ጂቴንሻ ኦ ናኦሺቴ ኩሬታ»፣ ጓደኛዬ ብስክሌቴን ጠገነልኝ። «ኩሬታ»ን ትቶ «ናኦሺታ» ብቻ ማለት በአማርኛ «ጠገነ» ብሎ እንደ መቅረት ነው፤ ለማን እንደተደረገም አይታወቅ፣ ምስጋናውም የለ። በጃፓንኛ ግሡ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እሱ» እያለ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ አድራጊውንና ተቀባዩን የሚያሳውቁት እነዚህ የመስጠት ግሦች ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ለሌላ ሰው ሲሆን የምንጠቀምበት «ቴ አጌሩ» ውለታ እንደ መቁጠር ሊሰማ ይችላል። አስተማሪዎን ሊረዱ ሲነሱ «ቴትሱዳቴ አጌማስ» አይበሉ፤ «ኦቴትሱዳይ ሺማሾኦ ካ» ይበሉ።

«አስ-»ን ሁሉ «ሳሴሩ» ማድረግ

እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛው ያሳስታል። «ፀጉሬን አስቆረጥኩ» ለማለት የማስደረጊያውን «ሳሴሩ» ተጠቅሞ «ካሚ ኦ ኪራሴታ» የሚል ተማሪ አለ። ይህ በጃፓንኛ አንድን ሰው አዝዞ ወይም አስገድዶ የማስቆረጥ ስሜት አለው። ጠይቀን ወይም ከፍለን ለምናሠራው ነገር የሚባለው «ቴ ሞራው» ነው፦ «ካሚ ኦ ኪቴ ሞራታ»። ሰዓት ማሠራት፣ ልብስ ማሰፋት፣ ፎቶ ማስነሳት ሁሉም በዚሁ ይሄዳሉ። የእኛ «አስ-» ማዘዝንም ማሠራትንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ጃፓንኛ ይለያቸዋል።

«ተ-»ን ሁሉ ተደራጊ ማድረግ

«በሩ ተከፈተ» ሲባል ነፋስ ይክፈተው ሰው አይታወቅም። ተማሪው ግን «ተ-»ን ሲያይ ወዲያው «አኬራሬታ» ይላል፤ ይህ የሆነ ሰው እንደከፈተው ያሳያል። ዝም ብሎ ለተከፈተ በር «ዶኣ ጋ አይታ» ነው። ጃፓንኛ እንዲህ ያሉ ጥንድ ግሦች ሞልተውታል፦ «ኮዋሬሩ» (ተሰበረ) እና «ኮዋሱ» (ሰበረ)፣ «ኪኤሩ» (ጠፋ) እና «ኬሱ» (አጠፋ)፣ «ዴሩ» (ወጣ) እና «ዳሱ» (አወጣ)። ጥንዶቹን አንድ ላይ፣ የባለቤት ምልክቱን «ጋ» እና የተሳቢ ምልክቱን «ኦ» ጨምረው ያጥኑ። ግሡን ብቻውን መዝገብ ላይ መጻፍ አይጠቅምም።

«ከሆነ» ለማለት ያገኙትን መጠቀም

«ቶ»፣ «ባ»፣ «ታራ»፣ «ናራ» አራቱም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሆነው ስለሚቀርቡ ተማሪው አንዱን መርጦ ሁሉም ቦታ ይከተዋል። በብዛት የሚያጋጥመው «ቶ»ን ከልመና ጋር ማገናኘት ነው። «ጣቢያ ስትደርስ ደውልልኝ» ለማለት «ኤኪ ኒ ትሱኩ ቶ…» ተብሎ ከተጀመረ ኋላ «ኩዳሳይ» ሊመጣ አይችልም። «ኤኪ ኒ ትሱይታራ ዴንዋ ሺቴ ኩዳሳይ» ነው ትክክሉ። «ቶ» የአንዱ መሆን ሌላውን ሁልጊዜ ለሚያስከትልበት ነገር ነው፤ ጸደይ ሲመጣ ይሞቃል፣ ቁልፉን ሲጫኑት ይበራል።

«ታራ» እና «ናራ» ላይ አማርኛ ይረዳል። «ታራ» የተሠራው ከኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ከሄድክ» እንደምንለው ማለት ነው፣ ገና ያልሆነ ነገር ሆኖ ሳለ ግሡ በኃላፊ መልክ ይመጣል። «ናራ» ደግሞ «የምትሄድ ከሆነ» ነው። ልዩነቱ በካሜራ ምሳሌ ይታያል። «ኒሆን ኒ ኢታራ ካሜራ ኦ ካው»፣ ጃፓን ስሄድ እዚያ እገዛለሁ። «ኒሆን ኒ ኢኩ ናራ ካሜራ ኦ ካታ ሆኦ ጋ ኢይ»፣ የምትሄድ ከሆነ ካሜራ ብትገዛ ይሻላል፤ ከመሄድህ በፊት መግዛቱም እዚህ ውስጥ ይገባል። የግዢው ቦታ የሚለወጠው በዚች አንድ ቃል ነው።

«አለበት»ን አለመለየት

«አሁን ደርሶ መሆን አለበት» ግምት ነው፤ «በሰዓቱ መድረስ አለበት» ግዴታ ነው። የመጀመሪያው «ሞኦ ትሱይቴ ኢሩ ሃዙ ዳ»፣ ሁለተኛው «ትሱካናኬሬባ ናራናይ» ነው። «ሃዙ»ን ለራስዎ ዕቅድም አይጠቀሙበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልሄድ አስቤያለሁ ለማለት «ትሱሞሪ» ወይም «ዮቴይ» አለ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

በገላጭ ሐረግ ውስጥ ያለ ባለቤት የርዕስ ምልክቱን «ዋ» አይወስድም፤ «እናቴ የሠራችው ምግብ» «ሃሃ ጋ ትሱኩታ ሪዮኦሪ» ነው። ሌላ ሰው መሄድ ይፈልጋል ለማለት «ኢኪታይ» ብቻውን አይበቃም፤ «ኢኪታጋቴ ኢሩ» ወይም «ኢኪታይ ቶ ኢቴ ኢሩ» ይባላል። «ስለሞቀ መስኮቱን ክፈት» ሲሉ ምክንያቱን በ«አትሱኩቴ» አያስሩ፤ ትእዛዝና ልመና ሲከተል «ካራ» ወይም «ኖዴ» ነው የሚሄደው። «ዋኬ ጋ ናይ» (በፍጹም ሊሆን አይችልም)፣ «ዋኬ ዴዋ ናይ» (የግድ እንደዚያ ማለት አይደለም)፣ «ዋኬ ኒዋ ኢካናይ» (ይሉኝታ ወይም ኃላፊነት ስላለ አይቻልም) መልካቸው ስለሚቀራረብ ሦስቱን በአንድ ቀን አያጥኗቸው።

ፈተናው የመጻፍና የመናገር ክፍል የለውም። ኤን 3ን ከ180 በ95 ነጥብ፣ በየክፍሉም ቢያንስ 19 በማምጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ ማለፍ ይቻላል። ከላይ ያሉት ስህተቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚታዩት ሲጽፉና ሲናገሩ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት መስመር ጽፎ ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ማሳየት የጥናቱ አካል ሊሆን ይገባል።

የራስን ሰው በውጭ ሰው ፊት ማክበር

ለአንቱታ ለለመደ ሰው የጃፓንኛ የአክብሮት አነጋገር ቀላል ይመስላል። «አባቴ ሊመጡ ነው» እንላለን፤ ለማንም ብንናገር አባት አንቱ ናቸው። በጃፓንኛ ግን ውስጥና ውጭ አለ። አባትን ቤት ውስጥ «ኦቶኦሳን» ብለው ይጠራሉ፤ ስለ እሳቸው ለውጭ ሰው ሲናገሩ ግን «ቺቺ» ይሆኑና ግሡም ዝቅ ይላል፦ «ቺቺ ጋ ማይሪማስ»። «ኢራሻይማስ» ቢሉ የራስን ወገን በእንግዳ ፊት ከፍ ማድረግ ይሆናል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ከሌላ ድርጅት ስልክ ተደውሎ የእርስዎ አለቃ ታናካ ሲጠየቁ፣ «አቶ ታናካ አሁን ቢሯቸው የሉም» የሚለው የአማርኛ ጨዋነት «ታናካ-ሳን ዋ ኢራሻይማሴን» ወደሚል ይገፋዎታል። የሚባለው «ታናካ ዋ ታዳይማ ሴኪ ኦ ሃዙሺቴ ኦሪማስ» ነው፤ «ሳን» የለም፣ ግሡም ትሑቱ «ኦሪማስ» ነው። ስልኩን ዘግተው ወደ አለቃው ጠረጴዛ ሲሄዱ ደግሞ ተመልሰው «ታናካ-ሳን» ወይም በማዕረጋቸው ይጠሯቸዋል።