በ5 እርምጃ ያለቀ ቼዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ንጉሣችሁ ላይ የሚመጣው አደጋ የሚታያችሁ ከረፈደ ነው።

ምክንያት፦ በተለመደው ቼዝ አንድ ቼክ (ንጉሡን የሚያጠቃ እርምጃ) ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም። ንጉሡን ፈቀቅ ታደርጉታላችሁ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ዓይን እዚያ ላይ ይሰንፋል።

መፍትሄ፦ ሦስት ቼክ የሚባለው የቼዝ ዓይነት። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ቼክ ያለ ያሸንፋል። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ጓደኛዬ ያስተማረኝ ማኪያቶዬ ሳይበርድ ነው። ሁለታችንም ከንጉሥ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ካሬ ገፋን። እሱ ቢሾፑን ሲ4 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል) አወጣ፣ እኔ ፈረሴን ሲ6 ላይ። ቢሾፑ ኤፍ7 ያለውን ወታደር በላ፤ አንድ። በንጉሤ በላሁት። ንግሥቲቱ ኤች5 መጣች፤ ሁለት። ወታደር ጂ6 ላይ ጋረድኩ። እሱንም በላችው፤ ሦስት። አለቀ! ኤፍ7ን ከንጉሡ በቀር የሚጠብቅ የለም። ያኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ንግሥቲቱን ኤች5 ላይ እበላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በተለመደው ቼዝም መጀመሪያ የማየው ኤፍ7ን ነው።

ችግር፦ የመጀመሪያዎቹን 10 እርምጃዎች እንደ ዳዊት ትደግማላችሁ፣ ከዚያ ግራ ይገባችኋል።

ምክንያት፦ ሽምደዳ። ሌላ ምን ይባላል?

መፍትሄ፦ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቼዝ 960። የኋላው መስመር ጠጠሮች በዕጣ ይደረደራሉ። ቢሾፖቹ በተለያየ ቀለም ላይ፣ ንጉሡ በሁለቱ ሩኮች መሀል መሆን አለባቸው። በአንዳንዱ አደራደር ገና ከጅምሩ ጠባቂ የሌለው ወታደር አለ። ስለዚህ ጠጠር ከመንካታችሁ በፊት እሱን ፈልጉ። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል።

ችግር፦ ንግሥቶቹ ከተበሉ በኋላም ንጉሣችሁ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

መፍትሄ፦ ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል የሚባለው ዓይነት። ንጉሡን ከአራቱ የመሀል ካሬዎች አንዱ ላይ ያደረሰ ያሸንፋል። በንጉሥና በወታደር ብቻ ሞክሩት፤ ንጉሥ ሲዋጋ ታያላችሁ።

ችግር፦ የራሳችሁ ዕቅድ የላችሁም፤ ለባላንጣ መልስ መስጠት ብቻ።

መፍትሄ፦ የራሳችን ሰንጠረዥ፣ የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ። በመክፈቻው፣ ወረራ በሚባለው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም። በእጃችሁ እየደረደራችሁ በዓይናችሁ የሰውየውን እጅ ትከተላላችሁ።

ክሬዚሃውስ የሚባለውን የቼዝ ዓይነት ግን በልኩ። የበላችሁትን ጠጠር የራሳችሁ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስለምታስቀምጡ ጥቃት ያስተምራል። ጠጠር መበተንም ያስለምዳል። እኔ ሳምንት ሙሉ ስጫወተው ከርሜ፣ በተለመደው ቼዝ ሩኬን በነፃ ሰጥቼ የሁለት ሰው ማኪያቶ ከፍያለሁ።