በበጋ ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የወፍ ፎቶ ለማንሳት

ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ብርድ ስለሆነ ጃኬት ያዙ፤ ከ12፡30 በፊት ድረሱ። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስላለች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትወጣለች፤ ወደ ማታ ግን ያው ቦታ የወፎቹን ጥላ ብቻ ይሰጣል።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ራሰ በራ ወፎች) እግር ሥር ድረስ ይመጣሉ፤ ለእነሱ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ራቅ ብሎ ለሚበር ንስርና ፔሊካን (ትልቅ ነጭ የውኃ ወፍ) 300 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ለቆመ ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር 1/2000 አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጭ ወፍ ላይ ነው። ካሜራው ጠቆር ያለውን ውኃ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ የፔሊካኑ ላባ እንደ ኖራ ግድግዳ ይነጣል፣ በኋላ በማስተካከያም አይመለስም። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ ወደ -1 ዝቅ አድርጉ። ጀርባው ብሩህ ሰማይ የሆነ አባ ኮዳ ግን ተቃራኒውን፣ +1 ይፈልጋል።

ተንበርከኩ፤ ሌንሱ ከወፉ ዓይን እኩል ይሁን። መሬቱ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊትና አንጀት ነውና ለጉልበታችሁ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፉ። ዓሣ አጥማጆቹን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በጀልባ ከወጣችሁ ባለጀልባውን ወደ ጉማሬ «ጠጋ በል» አትበሉት። ሙዝ ያለበት ቦርሳ ደግሞ ለጦጣ ግብዣ ነው።