ሽጉጡ በፈጣን ጥይት ብቻ ሲነክስ

ሽጉጡን ባዶ ማድረግን፣ መወልወልንና ዘይት መቀባትን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ቅሬታው ሁሌ አንድ ነው። «በተራ ጥይት አንዴም አልነከሰም። ፈጣኑን ሳጎርሰው መጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ቀጥ አለ።» ስታዩት ተንሸራታቹ (በተኮሳችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) ሳይዘጋ ቆሟል። የጥይቱ አፍንጫ ወደ ታች ደፍቶ ከበርሜሉ መግቢያ ሥር ተሰክቷል። ሲብስ ደግሞ ተንሸራታቹ ጥይቱን ያልፈውና ባዶ በርሜል ላይ ይዘጋል። ምላጩን ስትስቡ «ቀጭ» ብቻ።

ሰው ጥይቱን ይራገማል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ካዝናውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራው 9 ሚሊሜትር ጥይት የግፊት ጣሪያ 35,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። ፈጣኑ፣ «ፕላስ ፒ» የሚባለው፣ 38,500 ይደርሳል። ግፊቱ ሲጨምር ተንሸራታቹ ፈጥኖ ሄዶ ፈጥኖ ይመለሳል። የካዝናው ሞላ በዚያች ቅጽበት ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ማድረስ አለበት። የደከመ ሞላ ደግሞ አይደርስም፤ በተለይ ካዝናው ሊያልቅ ሲል፣ ሞላው ተዘርግቶ ጉልበቱ ሲቀንስ።

አንዱ የተንሸራታቹን መላሽ ሞላ በጠንካራ ቀይሮ መጣ። ባሰበት! ጠንካራ ሞላ ተንሸራታቹን ይበልጥ አፍጥኖ ይመልሰዋል፤ ካዝናው የነበረችውንም ጊዜ ተነጠቀ። የበርሜሉንም መግቢያ በማሽን ሞርዶታል። የካዝናውን ታች ስከፍተው ዘይትና የኪስ ብናኝ ተቦክቶ እንደ ጭቃ ወጣ። ሞላውም ተገልብጦ ነበር የገባው። ጠርጌ አዲስ ሞላ አስገባሁ፣ መላሹንም ወደ ድሮው መለስኩ። አለቀ። የተሞረደው ብረት ግን አይመለስም።

ካዝናዎቻችሁን በጥፍር ቀለም ቁጥር ጻፉባቸውና እያንዳንዱን ለብቻው ሞክሩ። ችግሩ 2 ቁጥርን እየተከተለ ከሄደ ሽጉጡን አትንኩት። የካዝናውን ታች ስትከፍቱ በአውራ ጣት ያዙት፤ ሞላው ይፈናጠራል፣ ዓይን አይምርም። ውስጡን ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዘይት አታድርጉ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ የጥይቱንም ማቀጣጠያ ሊያበላሽ ይችላል። ሞላውን ከአዲስ ጎን አቁሙት፤ ካጠረ ቀይሩት። ጥይቱን ከላይ የሚይዙት የካዝናው ከንፈሮች ከተጣመሙ በፒንሳ አቃናለሁ አትበሉ። ጣሉት። ስለ ርካሽ ካዝናማ አታናግሩኝ፤ ከንፈሩ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ የተዛነፈ አይቻለሁ።

አሁንም ከነከሰ የሽጉጡን መመሪያ አንብቡ። ፕላስ ፒ የማይፈቀድለት ሽጉጥ ብዙ ነው።

ባዶ ቀለህ ተንሸራታቹ ላይ ቆሞ ከተያዘ እጃችሁ ላልቷል፣ ወይም ቀለህ የሚስበው ጥፍር ቆሽሿል።

ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሱ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ከዚያ አውጥታችሁ ማቀጣጠያውን እዩት። የመርፌው ምት ስስ ከሆነ የመርፌው ቤት ቆሻሻ ነው።

ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ከደከመ ግን አቁሙ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሲመጣ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ጠርጥሮ ያቆመ ሰው የሚከስረው አንድ ጥይት ነው። «ይሁን» ብሎ የደገመ አንድ ሰው በርሜሉ መሃል ላይ እንደ ቋጠሮ አብጦ አምጥቶልኛል። ጣቶቹ ሙሉ ነበሩ፤ ዕድለኛ ነው።