ድንበር ዘለል የበጎ ፈቃደኞች ማህበር በኢንተርኔት እንዴት ፍትሃዊ ምርጫ ያካሂዳል?

አባላቱ በየአገሩ የተበተኑ የበጎ ፈቃደኞች ማህበር ቦርድ ሊመርጥ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «በምን እንምረጥ?» የሚል ነው። አንዱ ጎግል ፎርም ይላል፣ ሌላው ቴሌግራም። እሱ መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነገር ነው። ምርጫ የሚቃናውም የሚበላሸውም ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ነው። መለኪያው ደግሞ አንድ ነው፦ የተሸነፈው እጩ ነገሩን ራሱ አጣርቶ «በቃ፣ ተሸንፌያለሁ» ማለት ይችላል ወይ?

1. መራጩ ማን እንደሆነ ወስኑ

መስፈርቱን እጩዎች ሳይታወቁ በጽሑፍ አውጡ። ስማቸው ከወጣ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ «እገሌን ለመጥቀም ነው» መባሉ አይቀርም።

ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባካሄደው የቦርድ ምርጫ አንድ አርታዒ ለመምረጥ በጠቅላላው ቢያንስ 300 አርትዖት፣ ከዚያ ውስጥም በቅርብ ወራት ቢያንስ 20 እንዲኖረው ተጠይቆ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ሥራቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ትናንት አካውንት ከፍቶ ዛሬ ሊመርጥ የመጣውን ያስቀራል፤ ሁለተኛው ድሮ ሠርቶ የጠፋውን። የእናንተ ማህበር ዛፍ የሚተክል ወይም ልጆች የሚያስጠና ከሆነ በሰዓት ወይም በተሳተፉበት ዘመቻ መለካት ይቻላል።

የምዝገባ መዝጊያ ቀንም ያስፈልጋል፣ ያውም ራቅ ያለ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራውን ነፃ የዓለም ካርታ የሚደግፈው የኦፕን ስትሪት ማፕ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ምርጫው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው 100 ያህል የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ተግተልትለው አባል ሆኑበት። የአባልነት ጉዳይ የሚከታተለው ቡድን ምርመራ ውስጥ ገባ። ዝርዝሩ ከምርጫው ሦስት ወር በፊት ቢዘጋ እንዲህ ያለው ጣጣ በአብዛኛው አይነሳም።

2. ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር ወስኑ

ብዙ ማህበር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» ቀላል ይመስላል። እንበልና 100 መራጭ አለ፣ ወንበሩ ሦስት ነው። 60ዎቹ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፣ 40ዎቹ የሌላ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ስም ቢመርጥና ሁሉም ለወገኑ ቢሰጥ 60ዎቹ ሦስቱንም ወንበር ይጠቀልላሉ። 40ዎቹ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለመምረጥም አይመጡም።

መፍትሔው እጩዎችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው፦ አንደኛ ምርጫዬ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ለሦስት ወንበር ከ100 ድምፅ 26 ያገኘ ያልፋል፤ 26 ድምፅ ከሦስት በላይ ለሆኑ ሰዎች አይዳረስምና። ከ26 የተረፈው ድምፅ ወደ መራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይዞራል። ወንበሩ ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ ትንሽ ድምፅ ያለው እጩ ይወድቃል፤ የእሱም ድምፅ እንደዚያው ይዞራል። በዚህ ስሌት 60ዎቹ ሁለት ወንበር፣ 40ዎቹ አንድ ያገኛሉ። ዊኪሚዲያም ኦፕን ስትሪት ማፕም በዚህ ዘዴ ቆጥረዋል።

ወንበሩ አንድ ብቻ ከሆነ የዴቢያን ሶፍትዌር አዘጋጆች ልማድ ደስ ይላል። ድምፅ መስጫው ላይ «ከእነዚህ ማንም አይሁን» የሚል አማራጭ ይጨምራሉ። እጩው አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ምርጫውን ምርጫ የሚያሰኘው ይኸው ነው።

3. አስመራጭ ኮሚቴ አቋቁሙ

ሦስት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። እጩ አይሁኑ፣ ከአንድ አገር ብቻ አይውጡ፣ አንዱ ቢቻል ከማህበሩ ውጭ ይሁን። የውጤቱ ቁልፍ (የተቆለፈውን ድምፅ የሚከፍተው ምስጢራዊ ኮድ) በአንድ ሰው እጅ መውደቅ የለበትም። ግን ደግሞ ሁሉም ካልተገኙ የማይከፈት አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የክሪፕቶሎጂ ተመራማሪዎች ማህበር ቁልፉን ለሦስት ሰው ከፋፍሎ ሦስቱም እንዲገኙ ደነገገ። አንዱ ድርሻው ጠፋበት። ውጤቱን መክፈት ስላልተቻለ ምርጫው እንደገና ተካሄደ። ሙያቸው ምስጢር መቆለፍ የሆነ ሰዎች! ከዚያ በኋላ ከሦስት ሁለቱ እንዲበቁ አደረጉ። እናንተም እንደዚያው ጀምሩ።

4. ቋንቋና ሰዓት

የእጩዎች መግለጫ በሁሉም ቋንቋ ተተርጉሞ ሳያልቅ ድምፅ መስጠት አይጀመር። የእንግሊዝኛው ቀድሞ ከወጣ እንግሊዝኛ አንባቢው ቀድሞ ይመርጣል።

ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ጻፉ፣ ከጎኑ የየከተማውን አስቀምጡ። ለኢትዮጵያውያን ይሄ እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዩቲሲ 23፡59 አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ኖቬምበር 15 ደግሞ ኅዳር 15 አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 6 ነው። መዝጊያውን ቅዳሜ አታድርጉ፣ ሰንበት የሚያከብር የእስራኤል አባል ይቀራል። ጊዜው እንደ ዴቢያን ሁለት ሳምንት ይሁን። ኢንተርኔት የሚቆራረጥበትም፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፈው የሪያድ አባልም ይደርሳሉ።

5. አሁን መሣሪያውን ምረጡ

ጎግል ፎርም ኢሜይል ከያዘ ማን ማንን እንደመረጠ የፎርሙ ባለቤት ያያል። ካልያዘ አንድ ሰው ደጋግሞ መምረጥ ይችላል። የቴሌግራም ፖል ደግሞ ምርጫው ሳያልቅ ማን እንደሚመራ ያሳያል፤ ሰውም ወደሚመራው ያዘነብላል። ለቡና ሰዓት ቀጠሮ እንጂ ለቦርድ አይሆንም። ለእያንዳንዱ መራጭ የግል ሊንክ የሚልክ፣ ስምና ድምፅን የሚለያይ፣ ቅደም ተከተል የሚቆጥር ይፈለግ። ኦፓቮት የተባለው የኢንተርኔት ድምፅ መስጫ ሊታይ ይችላል። መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ መራጩ ሐሳቡን መቀየር ይቻለው፣ የመጨረሻው ድምፅ ይቆጠር። ኢስቶኒያ በአገር ደረጃ የምትሠራው እንዲህ ነው። አለቃው አጠገቡ ቆሞ ያስመረጠው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ያስተካክላል።

6. ቆጠራና ቅሬታ

ውጤቱን ከነዝርዝር ቆጠራው አውጡ፣ አሸናፊውን ብቻ አይደለም። ዴቢያን በፕሮጀክት መሪ ምርጫ ለእያንዳንዱ መራጭ ምስጢራዊ ኮድ ይሰጣል፤ መራጩ በወጣው ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱን ድምፅ ፈልጎ ያገኛል፣ ሌላው ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ለቅሬታ አንድ ሳምንት ስጡ። ቅሬታውን የሚሰማው አስመራጭ ኮሚቴው ራሱ መሆን የለበትም፤ ሁለት ሌሎች ሰዎች አስቀድማችሁ ሰይሙ። ቅሬታው ሲዘጋ የመራጮችን ኢሜይልና የግል መረጃ አጥፉ፣ መጥፋቱንም ለአባላት አሳውቁ።